በአደባባይ ያልተሰማ ቃል

ቃል እንደ ውሃ ነው። መንገድ ቢያበጁለት እርሻ ያጠጣል፤ መንገዱን ቢደፍኑበት ግን ከመሬት በታች ገብቶ የቤቱን መሠረት ይሸረሽራል እንጂ አይደርቅም። አገር እንዲያስተዳድሩ አደራ የተቀበሉ ሰዎች ይህን ነገር ዘወትር ሊያስቡት ይገባል። አንድን ሰው የሚናገርበትን አደባባይ በከለከሉት ጊዜ ሐሳቡን የተወ ይመስላል። እርሱ ግን ሐሳቡን ይዞ ወደ ጨለማ ይገባል፤ ከጨለማው በወጣም ጊዜ ቃል በመያዝ ፈንታ እሳት ይዞ ይወጣል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በጋሞ ደጋ፣ በካምባና በአካባቢዋ ባሉት አገሮች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው የዱቡሻ ሥርዓት ነው። ዱቡሻ የሚባለው ሕዝቡ ለምክር የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው። ግድግዳና ጣራ የለውም፤ ስለዚህ በዚያ የሚነገረው ሁሉ በፀሐይ ፊት የሚነገር ነው። ጉባኤው በሽማግሌዎች ምርቃት ይከፈታል፤ ነገር ያለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ የሚቃወመውም በተራው ተነሥቶ ይመልሳል። ነገሩ ባንድ ቀን ያልተስማማ እንደ ሆነ ለሌላ ቀን ይቀጠራል እንጂ የበዙት ያነሱትን በቍጥር ረግጠው አይሄዱም። ሁሉ ተስማምቶ ከተቈረጠ በኋላ ውሳኔውን የሚያደርሰውና የሚያስፈጽመው ሕዝቡ መርጦ የሾመው ሃላቃ ነው።

ደግሞም ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሥርዓት አፍርሶ ወይም ወንድሙን በድሎ ነገሩን የደበቀ ሰው በራሱና በቤቱ፣ አልፎም በአገሩ ላይ መከራ ያመጣል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ጠብን በሆድ ይዞ መቀመጥ እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ነገሩ ወጥቶ በሽማግሌ ፊት መነገር አለበት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን እምነት በሙሉ ባይቀበለው እንኳ፣ የተሸሸገ በደል አገርን እንደሚጎዳ የሚያስተምረውን ፍሬ ነገር አይንቀውም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችንም ይህንኑ ተናግረዋል።

ሥርዓቱ ጉድለት የሌለበት ነው አንልም። በጥንቱ ልማድ ሴቶች፣ እንዲሁም ሸክላ በመሥራትና ቆዳ በመፋቅ የሚኖሩ ወገኖች ከሌላው ጋር እኩል ተቀምጠው አይመክሩበትም ነበር። እንግዲህ ዱቡሻው ራሱ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው አደባባይ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው፤ ሁለተኛው ከአደባባዩ ውጭ የሚቀር ወገን ካለ ሥራው ገና እንዳልተፈጸመ ነው።

አሁን ከካምባ ተነሥተን ወደ ጀርመን አገር መሻገራችን አንባቢውን ሳያስደንቀው አይቀርም። ነገር ግን ይህን መንገድ አስቀድመው የሄዱበት የራሳችን ልጆች ናቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ በወጡ ጊዜ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በጠራራ ፀሐይ በአደባባይ ነበር። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ማኅበር ማቋቋም አልተፈቀደም፤ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር መሪ ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱም ሬሳውን ለመሸኘት በተሰበሰቡት ላይ ተተኰሰ። በአገራቸው አደባባይ ያጡት ወጣቶች በሰው አገር ፈለጉ። መላው ኢትዮጵያ ሶሺያሊስት ንቅናቄ፣ በአጭሩ መኢሶን፣ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ በአጭሩ ኢሕአፓ፣ የተባለውም ማኅበር በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው በበርሊን ከተማ ነው። የአራሹን የኢትዮጵያ ገበሬ ነገር ለመምከር የኢትዮጵያ ልጆች እስከ በርሊን መሄዳቸው ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

በርሊን ግን ከእነርሱ አስቀድሞ በዚሁ ጕዳይ የተፈተነች ከተማ ነበረች። ከዚህ በታች የጀርመንን ነገር በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ፣ የሠራተኞች ወገን የሆነው የሶሻል ዴሞክራት ማኅበር በጀርመን የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ከሁሉ የበለጠ መቀመጫ ነበረው። ይህ ማኅበር ስለ ሰላም ብዙ ዘመን ሲሰብክ ከኖረ በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን ለጦርነቱ የሚሆነው ብድር እንዲፈቀድ ድምፁን ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን ጕዳዩ ሁለተኛ በቀረበ ጊዜ ካርል ሊብክኔኽት የሚባለው ሕግ ዐዋቂ እንደራሴ ከምክር ቤቱ ሁሉ ብቻውን ተቃወመ። የተቃወመበትንም ምክንያት በጽሑፍ ቢያቀርብ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር በመዝገብ እንዳይገባ ከለከለው።

በዚያች ቀን የሆነውን አስተውሉ። ያ ጽሑፍ በመዝገብ ቢገባ ኖሮ ከብዙ ወረቀት መካከል አንድ ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር። በተከለከለ ጊዜ ግን በድብቅ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሊብክኔኽትንም በማግስቱ ዓመት ለውትድርና ጠርተው ከከተማ አራቁት። እርሱና ሮዛ ሉክሰምቡርግ፣ ክላራ ጼትኪንና ፍራንጽ ሜሪንግም ያሉበት ጥቂት ወገን ያወጣው መጽሔት ከአንድ እትም በኋላ ታገደ። ከ1916 መጀመሪያ ጀምሮ ግን በጥንቱ ዘመን በሮማውያን ላይ በተነሣው ባሪያ በስፓርታከስ ስም የተጠራ የምስጢር ደብዳቤ ማሰራጨት ጀመሩ። ማኅበሩ ስፓርታከስ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1916 ሜይ 1 ቀን ሊብክኔኽት በበርሊን አደባባይ በጦርነቱና በመንግሥቱ ላይ ጮኾ ተናገረና ተያዘ። ለፍርድ በቀረበ ጊዜ ከ50,000 የሚበልጡ የበርሊን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሮዛ ሉክሰምቡርግም የጦርነቱን ዘመን አብዛኛውን በእስር ቤት አሳለፈች። በ1914 በምክር ቤት የተሰማው ተቃውሞ የአንድ ሰው ድምፅ ነበረ፤ በ1916 በፋብሪካ የተሰማው የብዙ ሺህ ሰው ድምፅ ነው። በመካከሉ የተጨመረው የሰዉ ረኃብና የልጆቹ ሞት ብቻ አይደለም፤ የአፍ መዘጋትም ነበረበት። በ1918 ኖቬምበር መርከበኞች ዐመፁ፤ ቄሣር ዊልሄልም ዙፋኑን ጥሎ ወደ ሆላንድ ተሰደደ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁሉ የገዦች ብቻ ነበር ብንል እውነቱን ማጕደል ይሆናል። በ1918 ዓመት መጨረሻ የስፓርታከስ ሰዎች ተሰብስበው የኮሙኒስት ፓርቲ ባቋቋሙ ጊዜ፣ ሮዛ ሉክሰምቡርግ በሚመጣው ምርጫ እንግባ ብላ መከረች። ጉባኤው ግን 62 ለ23 በሆነ ድምፅ እምቢ አላት። አደባባይ ተከልክለው የኖሩት ሰዎች አደባባይ በተከፈተ ጊዜ ሊገቡበት አልወደዱም፤ በጨለማ የኖረ ዓይን ብርሃን ይከብደዋልና። ከጥቂት ቀን በኋላ በበርሊን ጎዳና የጦር መሣሪያ ተነሣ። የቀድሞ ወንድሞቻቸው የሶሻል ዴሞክራቶች መንግሥትም ወዶ ዘማች ጭፍሮች አስገባባቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1919 ሊብክኔኽትና ሮዛ ሉክሰምቡርግ ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ የእርስዋም ሬሳ በከተማው ቦይ ውስጥ ተጣለ። በሁለቱ የሠራተኛ ወገኖች መካከል የፈሰሰው ይህ ደም ሳይደርቅ 14 ዓመት አለፈ። ሂትለር በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ ሁለቱ ገና ተኳርፈው ነበር፤ እርሱም ሁለቱንም በአንድ እስር ቤት አገናኛቸው።

ሮዛ ሉክሰምቡርግ በእስር ቤት ሳለች በ1918 ስለ ሩሲያ አብዮት ጽፋ ነበር። የራስዋ ወገን የምትላቸው ሰዎች ተቃዋሚን ዝም ማሰኘታቸውን በዚያ ጽሑፍ ነቅፋለች፤ ነጻነት ለመንግሥት ወዳጆች ብቻ የሚታደል ከሆነ የሕዝብ ኑሮ እንደሚደነዝዝም አስጠነቀቀች። ጽሑፉ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1922 ነው። በሐምቡርግና በበርሊን ማኅበር ያቋቋሙት የአገራችን ልጆች ከጀርመን አገር ብዙ ነገር ይዘው መጡ፤ ከዚህ ምክር ግን የሚበቃውን ያህል ይዘው አልመጡም ብንል አልዋሸንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ያን ጊዜ ካምባ ያለችበት አገር ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ይባል ነበር። የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ገጠር ሁሉ ወርደው ለገበሬው ዐዋጁን አስረዱ፤ ፊደልም አስተማሩ። ለብዙ ዘመን የተጠየቀው የመሬት ጥያቄ በመመለሱ ወጣቱ ሁሉ ባንድ ልብ ይቆማል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር።

ነገር ግን ሁለቱ ማኅበሮች በአንድ ነገር ተለያዩ። ኢሕአፓ ወታደሩ ሥልጣኑን አሁኑኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ አለ። መኢሶን ደግሞ ወታደሩን እየነቀፍን እየደገፍን ሕዝቡን እናደራጅ አለ፤ ይህንንም ሂሳዊ ድጋፍ ብሎ ጠራው። ይህ ጥያቄ በዱቡሻ ቢቀርብ ኖሮ ብዙ ቀን በተከራከሩበት፣ ብዙ ቀንም በተቀጠረ ነበር እንጂ ሰው የሚሞትበት ነገር አልነበረም።

ለጥቂት ወራትም እንደ ዱቡሻ ያለ ነገር ተገኝቶ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አብዮታዊ መድረክ በሚባለው ዓምድ እነዚህ ወገኖች ሐሳባቸውን እየጻፉ ተከራከሩ። ዴሞክራሲያዊ መብት ለሁሉ ያለ ገደብ ይሰጥ ወይስ ለጭቁኑ ብቻ ይሰጥ የሚለው ጕዳይ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ተጻፈ፤ ተነበበም። በኢትዮጵያ ታሪክ እንዲህ ያለ ክርክር በመንግሥት ጋዜጣ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዓምዱ ግን ዕድሜ አላገኘም። መድረኩ ሲዘጋ ክርክሩ አብሮ አልተዘጋም፤ በድብቅ ወደሚባዛው ወረቀት ገባ፤ ከወረቀቱም ወደ ሽጕጥ ተላለፈ።

በመስከረም 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበር ለመሆን በመንገድ ላይ በነበሩት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የመግደል ሙከራ ተደረገ፤ በዚያው ወር የመኢሶን መሪ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ጥር 26 ቀን ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩት የደርግ አባሎች ተገደሉ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ እየወረወሩ ሰበሩ። ሰው ቃሉን ይናገርበት ዘንድ የተሠራው አደባባይ ደም የሚታወጅበት ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ ተገደሉ። ነጻ እርምጃ በሚል ስም የቀበሌ ዘበኛ ዳኛም ገዳይም ሆነ። ሬሳ በጎዳና ተጥሎ ዋለ፤ እናት ለልጅዋ እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ካህንም ያጠመቀውን ልጅ ሳይፈታው ቀረ። ይህን ያዩ አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።

አደባባይ መዝጋት የመንግሥት ብቻ ሥራ እንዳልነበረም መናገር ይገባናል። ኢሕአፓ ለሁሉ ያለ ገደብ ነጻነት እየጠየቀ፣ በከተማው ውስጥ የሚደረገውን የመግደል ሥራ የነቀፈውን የራሱን የአመራር አባል ጌታቸው ማሩን አስሮ ገደለው። መኢሶንም የቀድሞ ጓደኞቹ በሚታደኑበት ሥራ ከመንግሥት ጋር ቆመ፤ ተራው ደርሶበት በነሐሴ 1969 ዓ.ም. እርሱም ወደ ድብቅ ገባ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ በእስር ተገደለ። የኢሕአፓ የመጀመሪያ መሪ ብርሃነ መስቀል ረዳ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። በዚያው ዓመት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ የየትኛውም ማኅበር ወገን ያልነበሩት ፓትርያርክ፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። እሳት ከተነሣ ደረቁን ከእርጥቡ አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ጠላት በድንበር ቆሞ ሳለ ሁሉ እንደ ወደደ ይናገር ማለት አገርን ማስወጋት አይደለምን የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ይዞ ነበርና። በጦርነት ጊዜ የጦሩን ምስጢር መጠበቅ፣ መሣሪያ ያነሣውንም በሕግ መያዝ የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ድምፅ ሌላ ነው፤ ጥይት ሌላ ነው። የሊብክኔኽት አንድ እምቢታ የጀርመንን ጦር አንድ መድፍ አላሳጣውም። በእኛም አገር ገበሬው የእናት አገር ጥሪ ብሎ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር የተመመው ተቃዋሚ ስለ ተገደለለት ሳይሆን አገሩን ስለ ወደደ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል የተገኘው በዘማቹ ደምና በወዳጅ አገሮች ርዳታ እንጂ በአዲስ አበባ ጎዳና በወደቁት ልጆች ሞት አይደለም። እንዲያውም አገሪቱ ሐኪም፣ መምህርና መሐንዲስ ከምንጊዜውም አብልጣ በፈለገችበት ዓመት የተማሩት ልጆችዋ በእስር ቤት፣ በመቃብርና በስደት ነበሩ።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። መንግሥትን የሚያጸናው ተቃዋሚ አለመኖሩ አይደለም፤ ተቃዋሚው የሚናገርበት የታወቀ ቦታ መኖሩ ነው። የማይስማማህን ሰው በአደባባይ ካገኘኸው ስንት እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ጎደለው፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚታገሥ ታውቃለህ። ወደ ጨለማ ካስገባኸው ግን ይህን ሁሉ የሚነግርህ ጥቅሙን የሚፈልግ ነገር አመላላሽ ብቻ ነው።

ይህም የሚጀምረው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከቀበሌና ከወረዳ ነው። ሹሙ ሕዝቡን ለምክር ጠርቶ ውሳኔውን አስቀድሞ በኪሱ ይዞ ከመጣ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ይሸኘዋል፤ እውነተኛውን ስብሰባ ግን ማታ በየቤቱ ያደርገዋል። አቤቱታ ይዞ የመጣውን ገበሬ ጸረ ልማት ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ አንድ ሰው የመለሰ ይመስለዋል፤ የመለሰው ግን መንደር ነው። በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1265 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን መቋቋሙ የዚህ ነገር ጥቅም በመንግሥት ዘንድ መታወቁን ያሳያል። ነገር ግን ዐዋጅ ሜዳውን ይከልላል እንጂ ሰዉን አያናግርም። ሰዉ የሚናገረው የተናገረ ጎረቤቱ በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ ባየ ጊዜ ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ቀንበር አቅልልልን ብሎ በመጣ ጊዜ የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ በማስፈራራት የመለሰውን የሮብዓምን ታሪክ ያውቃሉ፤ በአንድ የቍጣ ቃል ዐሥሩ ነገድ እንደ ሄደበትም ያስተምራሉ። የሚያስተምሩትን በቤተ መቅደስ ብቻ ሳይሆን በሹሙና በተቀየመው ወጣት መካከል ቆመው ሊናገሩት ይገባል። ሹሙን ስለ ወደዱ እንዲታገሥ፣ ወጣቱንም ስለ ወደዱ መሣሪያ እንዳያነሣ ይምከሩ። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚናገር አስታራቂ ሦስተኛ ባለ ጠብ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራ ምኞት ነው ለሚል ሰው በዓይናችን ያየነውን እናሳየዋለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ከጋሞ ብዙ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው በከተማው ባሉ ምንም ባልበደሉ ጎረቤቶቻቸው ላይ ሊነሡ ወጡ። ጦርና ጥይት አላስቆማቸውም። ያስቆሙአቸው እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገድ ላይ የተንበረከኩ የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። በጋሞ ሥርዓት እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነውና፣ ወጣቶቹ እያለቀሱም ቢሆን ተመለሱ።

እነዚያ ሽማግሌዎች ይህን ኃይል ያገኙት በዚያች ቀን አይደለም። ወጣቶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዱቡሻው ዳር ቆመው ሽማግሌ ሲሰማና ሲሰማለት አይተዋል፤ ስለዚህ የተንበረከከው ሰው ማን እንደ ሆነ ዐወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን። በበርሊን ያ ቅጠል ጠፋ፤ በአዲስ አበባም በ1969 ዓ.ም. የሚይዘው ሰው ታጣ። በጋሞ ደጋ ግን እስከ ዛሬ እርጥብ ነው። ሹማምንቶቻችንና ካህናቶቻችን ከካምባ ሜዳ ሊማሩት የሚገባቸው ይህንን ነው፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ፣ እሳቱም ሳይቀድም።